በእንጦጦ ደን ውስጥ የሚካሄድ የቡድን ፍለጋ ጨዋታ፦ ስለ አንድ አዘጋጅ አገልግሎት የቀረበ ግምገማ

የአዲስ አበባ መሥሪያ ቤቶች በዓመት አንድ ጊዜ ሠራተኞቻቸውን ከቢሮ ሲያወጡ መንገዱ ብዙውን ጊዜ ወደ ቢሾፍቱ ነው። ጠዋት በአውቶቡስ ይኬዳል፣ ሐይቅ ዳር ምሳ ይበላል፣ ከሰዓት በኋላ ገመድ ጉተታ ወይም ኳስ ይኖራል፣ ማታ ደግሞ ከመኪናው መጨናነቅ ጋር እየታገሉ መመለስ ነው። ዘንድሮ ግን መሥሪያ ቤታችን ከከተማዋ ብዙም ሳይርቅ እንጦጦ ላይ የቡድን ፍለጋ ጨዋታ የሚያዘጋጅ አንድ አነስተኛ ድርጅት ቀጥሮ፣ አርባ ሠራተኞች በታኅሣሥ ወር አንድ ቅዳሜ በዚያ ደን ውስጥ ፍንጭ ሲፈቱ ዋሉ። እኔም የዝግጅት ኮሚቴው አባል በመሆኔ ከዋጋ ድርድሩ እስከ ሽልማቱ አሰጣጥ ድረስ ሥራውን በቅርብ ተከታትያለሁ። የድርጅቱን ስም የማልጠቅሰው፣ የዚህ ጽሑፍ ፍላጎት አንድን ድርጅት ማሳጣት ሳይሆን ይህን የመሰለ አገልግሎት የሚገዛ ሰው ከመፈረሙ በፊት ምን መጠየቅ እንዳለበት ማመልከት ስለሆነ ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ለመግለጽ ያህል፣ ተሳታፊዎች በቡድን ተከፍለው ለእያንዳንዱ ቡድን የመጀመሪያው ፍንጭ በታሸገ ፖስታ ይሰጠዋል፤ ፍንጩን የፈታ ቡድን ወደ ተጠቆመው ስፍራ ሄዶ እዚያ የሚጠብቀውን ጥያቄ ይመልሳል ወይም የታዘዘውን ይፈጽማል፤ ከዚያም ቀጣዩን ፖስታ ተቀብሎ ይቀጥላል። ከዚህ ወጣ ያለ ሌላ ዓይነትም አለ፤ በእርሱ ቡድኖቹ የተዘረዘሩ ነገሮችን ወይም ፎቶግራፎችን ሰብስበው መመለስ ይጠበቅባቸዋል። ይህን ሁለተኛውን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በኒው ዮርክ ባለጸጎች ዘንድ በሰፊው ያስለመደችው ኤልሳ ማክስዌል የተባለች የታወቀች ግብዣ አሰናጅ ነበረች። የእኛ አዘጋጅ ሁለቱንም አቀላቅሎ ነው ያቀረበው፤ በስድስት ጣቢያዎች ላይ ፍንጭና ጥያቄ፣ በመንገድ ላይ ደግሞ የፎቶግራፍ ትእዛዝ ነበር።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገርና፣ ይህ አዘጋጅ ፍንጭ በመጻፍ የተካነ፣ ጊዜና ጉዞ በመቀመር ግን ገና ብዙ የሚቀረው ነው። ተሳታፊው በዕለቱ የሚያየው ፈገግታና ባለ ቀለም ቲሸርት ነው፤ የሥራው ዋና ክፍል ግን ከዚያ ቀን በፊት በእግር ተሂዶ፣ በሰዓት ተለክቶ፣ በወረቀት ተጽፎ ያለቀ መሆን አለበት። በዚህ ድርጅት ሥራ የተደሰትንባቸው ነገሮች ሁሉ ቀድመው የታሰቡት ሲሆኑ፣ የተበሳጨንባቸውም ሁሉ በዕለቱ ይደረስባቸዋል ተብለው የተተዉት ናቸው።

ስለ ስፍራው ምርጫ ቅሬታ የለኝም። እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ለሕዝብ ከተከፈተ ወዲህ የእግር መንገድ፣ የፈረስ ግልቢያ፣ የብስክሌት መስመር፣ ቡና የሚጠጣባቸው ቤቶች ያሉት ሰፊ ደን ሆኗል፤ ከከተማው ደግሞ በሽሮ ሜዳ በኩል ዳገቱን ወጥቶ መድረስ ይቻላል። ለፍለጋ ጨዋታ ግን ከመዝናኛዎቹ ሁሉ የሚበልጠው ስፍራው የራሱ ታሪክ ያለው መሆኑ ነው። ሐይቅ ዳር ያለ የሆቴል ግቢ ውስጥ ፍንጭ ለመደበቅ የአበባ ማሰሮና የመዋኛ ገንዳ ብቻ ነው ያለው፤ እንጦጦ ላይ ግን የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አለች፣ ከእርሷ አጠገብ የዳግማዊ ምኒልክ የቀድሞ ቤተ መንግሥት አለ፣ ዛፉም ራሱ ታሪክ አለው። አዘጋጁ ይህን በሚገባ ተጠቅሞበታል።

የመጀመሪያው ፖስታ ሲከፈት በወፍራም ወረቀት ላይ በእጅ የተጻፈ ሁለት ስንኝ ወጣ፦

ባሕር ተሻግሬ መጣሁ፣ ባሕር አለኝ በስሜ፤
ምንጩን ጠጣ ይሉኛል፣ እዚሁ ተራራ ቆሜ።

የእኔ ቡድን ወጣቶች ስልካቸውን አውጥተው ‹ባሕር› የሚለውን መፈለግ ጀመሩ፤ አንደኛው ስለ ቀይ ባሕር፣ ሌላው ስለ መርከብ ማንበብ ያዘ። እትዬ ብለን የምንጠራቸው፣ ለጡረታ የተቃረቡት ገንዘብ ያዣችን ግን ወረቀቱን አንድ ጊዜ አንብበው፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ «ልጆቼ፣ ይኼማ ባሕር ዛፍ ነው፤ ምን ያስጨንቃችኋል?» አሉ። አንዱ ወጣት፣ «እትዬ፣ ቀድመው ያውቁት ነበር እንዴ?» ብሎ ሲጠይቃቸው፣ «ምን አውቀዋለሁ ልጄ፤ እኛ እኮ ማታ ማታ እንቆቅልሽ ስንጠያየቅ ነው ያደግነው» ብለው መለሱለት። ከዚያ በኋላ ፖስታ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የሚቀበሉት እርሳቸው ሆኑ፤ በቢሮ ከእርሳቸው ጋር ከሰላምታ ያለፈ ቃል ተለዋውጠው የማያውቁ ልጆች ዙሪያቸውን ከብበው ሲጠብቁ ማየት ለኮሚቴው የዝግጅቱ ትልቁ ውጤት ነበር።

ፍንጩ በዚህ ብቻ ቢያበቃ ግን ጥሩ አይሆንም ነበር፤ እንጦጦ ላይ አንድ ባሕር ዛፍ መፈለግ በገበያ ቀን መርካቶ ውስጥ አንድ ሰው እንደ መፈለግ ነውና። ስለዚህ ከስንኙ ግርጌ በትንሹ፣ «ከወንድሞቼ መካከል በወገቤ ጥለት የታጠቅሁት እኔ ነኝ» የሚል ተጽፎ ነበር፤ እውነትም ከመንገዱ ጥቂት ገባ ብሎ ከሽሮ ሜዳ የተገዛ የነጠላ ጥለት ቁራጭ በግንዱ ላይ የታሰረበት ዛፍ አገኘን። ምስማር አልተመታም፣ ቀለም አልተቀባም፣ ወደ ማታ ሁሉም ጥለት ተፈትቶ ተሰብስቧል። ጣቢያው ላይ የቆመችው አስተባባሪም ዛፉ ከአውስትራሊያ የመጣና በምኒልክ ዘመን የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት እጥረት ያስጨነቃትን መዲና ሌላ ስፍራ ከመፈለግ ያዳነ መሆኑን በሁለት ዓረፍተ ነገር ነግራን፣ ወዲያው ወደ ጥያቄዋ አለፈች። አስተባባሪ ንግግር ሲያበዛ ቡድኑ ልቡ ወደ ቀጣዩ ፖስታ ስለሚሸሽ፣ ይህ ቁጥብነት ሊመሰገን ይገባዋል።

ሁለተኛው ጥሩ ፍንጭ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚመራው ነበር፦ «የግድግዳዬ ማዕዘን ከሳምንቱ ቀናት በአንድ ይበልጣል፤ ንጉሥ ሆኖ ወደ እኔ መጥቶ ንጉሠ ነገሥት ሆኖ ተመልሷል።» ቤተ ክርስቲያኗ ስምንት ማዕዘን ናት፤ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በእርሷ ነው። የዚህ ፍንጭ ብልሃት ታሪኩን የሚያውቅ ሰው በታሪኩ፣ የማያውቀውም ማዕዘኑን በመቁጠር ሊፈታው መቻሉ ነው። አንድ ፍንጭ ሁለት በር ሲኖረው፣ ከቡድኑ ውስጥ ‹እኔ ታሪክ አላውቅም› ብሎ ወደ ኋላ የሚቀር ሰው አይኖርም።

ከስድስቱ ፍንጮች ሁለቱ ግን ከሌሎቹ ጋር ሊሰለፉ የሚችሉ አልነበሩም። አንደኛው አዲስ አበባ የተቆረቆረችበትን ዓመት፣ ሌላው በእንጦጦ ያለው የኅዋ ምልከታ ማዕከል ስንት ቴሌስኮፖች እንዳሉት የሚጠይቁ ነበሩ። ሁለቱም ከስልክ ላይ በቅጽበት ይገኛሉ፤ 1879 ዓ.ም. እና እያንዳንዳቸው የ1 ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች የሚሉትን መልሶች አንድ የሥራ ባልደረባችን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ቆሎውን ሳያቋርጥ ነው የሰጠው። ስልክ ይከልከል የሚሉ አሉ፤ እኔ በዚህ አልስማማም፤ በደን ውስጥ ሰው እንዲጠፋ ካልተፈለገ በቀር ስልክ ከእያንዳንዱ ቡድን ጋር መኖር አለበት። መፍትሔው ጥያቄውን መለወጥ ነው፤ እግር ካልደረሰበትና ዓይን ካላየው የማይመለስ ጥያቄ፣ ለምሳሌ በአንድ በር ላይ ያለ የእንጨት ሥራ ስንት ምሰሶ እንዳለው ወይም ከአንድ ገደል አፋፍ ሲታይ የትኛው የከተማው ክፍል በስተግራ እንደሚውል መጠየቅ፣ ስልክን ከንቱ ያደርገዋል።

ሌላው የቴክኖሎጂ ሙከራም እንዲሁ አልተሳካም። አራተኛው ፖስታ የጂፒኤስ ቁጥር ብቻ የያዘ ነበር። ተራ ሰው በጂፒኤስ እንዲህ ያለ ጨዋታ ሊጫወት የቻለው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 አሜሪካ ለሕዝብ የሚደርሰውን ምልክት ሆን ብላ ማዛባቷን ካቆመች ወዲህ ነው፤ ያም ሆኖ ሰማዩ በዛፍ ቅርንጫፍ በተሸፈነበት ስፍራ የስልክ አመልካች በርካታ ሜትሮች ሊስት ይችላል። ሜዳ ላይ ጥቂት ሜትር መሳት ምንም አይደለም፤ በተራራ ላይ ግን ፍለጋውን ከአፋፉ ወደ ሸለቆው ሊያወርደው ይችላል። አንድ ቡድን ቁልቁል ወርዶ፣ ፖስታው ከበላዩ መሆኑን ከሌሎች ጩኸት ነው ያወቀው። ቁጥሩ በአንድ የቃል ፍንጭ ቢታገዝ ይህ ባልደረሰ ነበር።

ስለ ቡድን አከፋፈሉ አዘጋጁን አመሰግናለሁ። ከሳምንት በፊት የሠራተኞችን ዝርዝር ከነ ሥራ ክፍላቸው ጠይቆ፣ በጤና ምክንያት ዳገት የማይወጣ ሰው ካለ በምስጢር እንድናሳውቀው ጨምሮ ነበር። በዚህ መሠረት ስምንት ቡድኖች፣ እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ሰው ይዘው ተመሠረቱ፤ በየቡድኑ ከአንድ ክፍል ሁለት ሰው እንዳይኖር፣ ሥራ አስኪያጆቹም እንዲበታተኑ ተደረገ። አምስት ትክክለኛ ቁጥር ይመስለኛል፤ ከዚያ ሲበዛ ሁለቱ እየሠሩ ሌሎቹ ወደ ኋላ ቀርተው ወሬ ይይዛሉ። ሾፌሮቻችንና የጥበቃ ሠራተኞቻችንም በዝርዝሩ ውስጥ እንዲገቡ የጠየቀው አዘጋጁ ራሱ ነው፤ እነርሱን መኪና አጠገብ ትቶ ‹የቡድን መንፈስ ግንባታ› ማለት በብዙ መሥሪያ ቤቶች የተለመደ በመሆኑ፣ ይህን ማሰቡ ብቻውን ከፍ ያለ ነጥብ ያሰጠዋል።

አሁን ወደ ድክመቱ ልለፍ። ስምንት ቡድኖች ሲኖሩ ሁሉም ከአንድ ጣቢያ ቢነሡ፣ ፈጣኑ ቡድን ፊት ፊት ሄዶ ሌሎቹ ዱካውን ተከትለው ብቻ ስለሚሄዱ ፍንጭ መፍታት ይቀራል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቡድን ከተለያየ ጣቢያ ተነሥቶ በተራ እንዲዞር ይደረጋል። አዘጋጁም ይህን ያውቃል፤ ነገር ግን ጣቢያዎቹ ስድስት ብቻ ነበሩ። ስምንት ቡድን በስድስት ጣቢያ ሲደለደል ከመነሻው በሁለቱ ጣቢያዎች ላይ ሁለት ሁለት ቡድን ይገናኛል፤ እነዚህም አንድ ላይ ስለሚዞሩ እስከ መጨረሻው አይላቀቁም። የእኛ ቡድን ከነዚህ አንዱ ነበር። እትዬ መልሱን ጮክ ብለው ሲናገሩ ጎረቤቶቻችን ሰምተው ቀድመውን ይሮጣሉ፤ ከሁለተኛው ጣቢያ በኋላ እርሳቸው በሹክሹክታ መናገር፣ እኛም ጆሯችንን ማስጠጋት ግድ ሆነብን። ይህ ለሳቅ ቢሆንም ለውድድር ግን አይሆንም። ሁለት ጣቢያ መጨመር ወይም ጥንድ ሆነው ለሚነሡ ቡድኖች የተለያየ ፍንጭ ማዘጋጀት በቂ ነበር።

ከዚህ የባሰው ዳገቱ ነው። መንገዱ በተራ የሚዞር መሆኑ ሜዳ ላይ ለሁሉም እኩል ነው፤ በተራራ ላይ ግን ከየት እንደ ተነሡ ለውጥ ያመጣል። አንዱ ቡድን ከላይ ጀምሮ ወደ ታች እያለ ሲጨርስ፣ ሌላው ከታች ተነሥቶ ወጥቶ፣ ወርዶ፣ እንደገና መውጣት ይጠበቅበታል። እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትርን የሚያልፍ ተራራ ነው፤ የአዲስ አበባ ሰው በከፍታ ቢለምድም፣ ሳምንቱን ሙሉ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሠራተኛ እዚያ ዳገት ላይ ሲሮጥ ትንፋሹ ወዲያው ያጥርበታል። አዘጋጁ የየቡድኑን ጠቅላላ መውጣትና መውረድ አስቀድሞ በእግሩ ሄዶ ቢለካ ኖሮ፣ ሁለት ጊዜ ለሚወጡት ጭማሪ ደቂቃ መስጠት ይችል ነበር። ጠየቅነው፤ መንገዱን የፈተሸው ራሱና አንድ ረዳቱ ሁለቱም ወጣቶች ሆነው መሆኑን ነገረን። ይህ ፈተና ተብሎ ሊቆጠር አይችልም፤ መንገድ የሚፈተሸው በቡድኑ ውስጥ ካለው ከዝግተኛው ሰው እርምጃ ጋር ነው።

የሰዓቱ ጉዳይ ደግሞ ቀኑን ሊያበላሽ የደረሰው ነው። ጨዋታው የተጀመረው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሲሆን፣ በየቡድኑ ካርድ ግርጌ «መጨረሻ 11:30» ተብሎ ታትሟል። አዘጋጁ ካርዱን ያዘጋጀው ከውጭ ከተገኘ ቅጽ ላይ ስለሆነ በፈረንጅ አቆጣጠር መጻፉ ነበር፤ ማለት የፈለገውም አምስት ሰዓት ተኩል ነው። ሁለት ቡድኖች ግን እንደ ማንኛውም የአገሩ ሰው አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ብለው አነበቡት፤ ገና ቀኑ በሙሉ እንዳላቸው ተረድተው ፖስታቸውን በኪሳቸው ከተው ቡና አዘዙ፤ አንዱ ቡድንማ ፈረስ ለመጋለብ ወረፋ ይዞ ተገኘ። ሌሎቻችን ተሰብስበን ስንጠብቅ፣ አስተባባሪዎች በደኑ ውስጥ ሲጠሩ፣ ምሳው ሲቀዘቅዝ አንድ ሰዓት ገደማ አለፈ። ሕጉ ለዘገየ እያንዳንዱ ደቂቃ አንድ ነጥብ ይቀነሳል ስለሚል፣ የነዚህ ቡድኖች ውጤት ከዜሮ በታች ሊወርድ ነው። አዘጋጁ ቅጣቱን ሰረዘ፤ በዚህም በሰዓታቸው የደረሱት፣ «እኛ ታዲያ ለምን ሮጥን?» ብለው አኮረፉ። ሁለቱም ወገኖች እውነት ነበራቸው። እዚህ አገር ለሕዝብ የሚሰጥ ማንኛውም ወረቀት ላይ ‹ጠዋት›፣ ‹ከቀኑ›፣ ‹ከሰዓት በኋላ› የሚል ቃል ከሰዓቱ ጎን ካልተጻፈ ክርክር መምጣቱ አይቀርም፤ ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ ከሰዓት ይልቅ ‹ከመነሻው ሁለት ሰዓት ተኩል› ብሎ በቆይታ መወሰንና የመመለሻውን ጊዜ በፊሽካ ወይም በጥሩንባ ማስታወቅ ነው።

በነጥብ አሰጣጡም ላይ የተጻፈ መመሪያ አልነበረም። የፎቶግራፍ ትእዛዞቹ ‹በጣም የሚያስቅ›፣ ‹እጅግ ያማረ› የሚሉ በመሆናቸው የአንድ ዳኛ ስሜት ላይ ወደቁ፤ ሁለት ዳኞች ለየብቻ ነጥብ ሰጥተው አማካዩ ቢወሰድ ማኩረፉ በቀነሰ ነበር። ከትእዛዞቹ መካከል አንዱ ደግሞ ከቶ መኖር አልነበረበትም፤ «ከአንድ ሯጭ ጋር ፎቶ ተነሡ» የሚለው። እንጦጦ አትሌቶች ልምምድ የሚያደርጉበት ተራራ ነው፤ ትንፋሹንና ሰዓቱን እየለካ የሚሮጥን ሰው አስቁሞ ፎቶ መለመን ነውር ነው፤ ቡድናችን ትእዛዙን ትቶ ነጥቡን ማጣት መረጠ፤ ሌሎች ግን ሲያስቆሙ አይተናል፤ አንዱ ሯጭ እጁን አወናጭፎ ሲያልፍም እንዲሁ።

ከዚህ በተቃራኒ ለቤተ ክርስቲያኒቱ የተደረገው ጥንቃቄ የሚያስመሰግን ነው። ጣቢያው ከግቢው ውጭ ነበር፤ ማንም ለጨዋታ ብሎ ወደ ቅጥሩ አልሮጠም፤ ማዕዘኑን ለመቁጠር የፈለገም ዝግ ብሎ ተራምዶ፣ ተሳልሞ ተመልሷል። አለቆቻችን መጀመሪያ የመረጡት ቀን ኅዳር 21 ላይ ይውል ስለነበር፣ ያ ቀን የኅዳር ጽዮን በዓል መሆኑንና አካባቢው በምእመናን እንደሚሞላ ነግሮ ያስለወጠን አዘጋጁ ነው። በማርያምም ሆነ በሌላ ታቦት ቀን እዚያ አካባቢ በፖስታ መሯሯጥ ለማንም ደስ አይልም፤ ደግሞም መኪና የሚቆምበት ስፍራ አይገኝም። የፓርኩንም ፈቃድ አስቀድሞ በጽሑፍ አግኝቶ ነበር።

ለደኅንነት የተደረገው ዝግጅት መካከለኛ ነው ማለት ይቻላል። ውኃ በየጣቢያው ነበር፤ የመጀመሪያ ርዳታ ሣጥን ግን አንድ ብቻ ሆኖ መነሻው ላይ ተቀምጧል። ነፍሰ ጡር የሆነች ባልደረባችን በመነሻው ላይ ሰዓት መዝጋቢ እንድትሆን ተደርጎ ሥራው ከልብ ተሰጣት፤ ‹አንቺ እዚህ ተቀመጪ› ተብላ እንደ ዕቃ ጠባቂ አልተተወችም። ጠዋት ላይ የእንጦጦ ብርድ ቀላል ስላልሆነ ጃኬት እንድንይዝ በዋዜማው በስልክ መልእክት አስታውሶናል።

ምሳው በጾመ ነቢያት ውስጥ በመሆኑ የጾም ነበር፤ ሽሮው ቢቀዘቅዝም ጥፋቱ ያበሰሉት አይደለም። ዋጋውን በተመለከተ በነፍስ ወከፍ የተጠየቀው በከተማው መካከለኛ ሆቴል ውስጥ ከሚከፈል የምሳ ቡፌ ብዙም የሚበልጥ አይደለም፤ መጓጓዣ ግን አይጨምርም፤ ሽልማቱንም የሚገዛው ቀጣሪው ነው። ለፍንጮቹ ጥራት ብቻ ከሆነ ዋጋው ተገቢ ነው፤ ለአጠቃላዩ አፈጻጸም ግን ጥቂት ውድ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ውሉ ዝናብ ቢዘንብ ምን እንደሚደረግ የሚል አንቀጽ አልነበረውም፤ ያስጨመርነው እኛ ነን። በታኅሣሥ ዝናብ እምብዛም ባያሰጋም፣ በበልግ ወራት ወይም ሰኔ ሲቃረብ ለሚያስብ መሥሪያ ቤት ይህ አንቀጽ የግድ ነው፤ ዳገቱ ሲርስ ያንሸራትታልና።

አገልግሎቱን እንደገና እንገዛለን ወይ ለሚል፣ ኮሚቴው በአብላጫ ድምፅ እንገዛለን ብሏል፤ እኔም ከአብላጫዎቹ ጋር ነኝ። ነገር ግን በአዲሱ ውል ላይ የጣቢያው ቁጥር ከቡድኑ ቁጥር እንዳያንስ፣ የነጥብ መመሪያው ከሳምንት በፊት ታትሞ እንዲደርሰን፣ ሰዓት ሁሉ በአገራችን አቆጣጠር እንዲጻፍ፣ መንገዱንም ከእኛ መካከል አንድ በዕድሜ ገፋ ያለ ሠራተኛ አብሮ እንዲፈትሽ አስገብተናል፤ ለዚህ የመጨረሻው እትዬ ራሳቸው ፈቃደኛ ሆነዋል። ክፍያውም ግማሹ በፊት፣ ግማሹ ከዝግጅቱ በኋላ እንዲሆን ተስማምተናል። ስፍራውን በተመለከተ በሰሜን ምዕራብ የከተማዋ ዳርቻ ላይ ያለው 705 ሄክታር ስፋት ያለው የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል እንዲታይልን ጠይቀናል፤ አገር በቀል ዕፅዋት የሚጠበቁበት በመሆኑ፣ ቅጠል አይቶ ወይም የዛፍ ልጥ ዳስሶ የሚመለስ ጥያቄ ለማዘጋጀት የሚመች ይመስለኛል፤ ኮሶን ከወይራ፣ ጥድን ከዝግባ መለየት የሚችል ስንት ሰው በቢሯችን እንዳለ ለማወቅም እጓጓለሁ። አዘጋጁ ስፍራውን አይቶ ዋጋ ሊያቀርብ ቃል ገብቷል፤ የዋጋ ማቅረቢያው እስከ አሁን አልደረሰንም።